እጁ የት ነበር?

ዘንዘልማ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ የብርጓል
ይፋግ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ቤተሰቤ በሙሉ፣ ቸሩ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ በጣም ደህና ነን።

አካሉ እባላለሁ። የቴዎ አባት ነኝ፤ ልጅዎን ኪዲን የገጨውን ባጃጅ ሲነዳ የነበረው ልጅ አባት። በስልክ ድምፄን መስማት እንደማይፈልጉ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ነግረውኛል። "የሚለው ካለው በወረቀት ይበለው" ብለዋል አሉኝ፤ እሺ ብያለሁ። እርቅ ሳይወርድ ፊት ለፊት መተያየት ነውር እንደሆነም አውቃለሁ። ወረቀቱን መሪጌታ ራሳቸው ያደርሱታል፣ መልሱንም ራሳቸው ያመጡታል።

እኔ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ነገር ካልዘረዘርሁ አይገባኝም፣ ለሌላውም የሚገባው አይመስለኝም። ስለዚህ በተራ አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ጥቅምት 14 ቀን ኪዲ አስፋልቱን ሲሻገር ግራ ቀኝ እንዳላየ ሁለት ሰዎች መስክረዋል።
2ኛ. መንገዱ ዳር አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ያፈሰሱት ጠጠር ነበር። የባጃጁ ጎማ እዚያ ላይ ተንሸራቷል።
3ኛ. ቴዎ መንጃ ፈቃድ አለው፣ አይጠጣም፣ ሁለት ዓመት ሲነዳ ማንንም ነክቶ አያውቅም።
4ኛ. አልሸሸም። ልጅዎን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት የሮጠው እሱ ነው። መንገድ ላይ ማለፉ የእሱ ጥፋት አይደለም።
5ኛ. ዕድሜው ሃያ አንድ ነው።
6ኛ. የኪዲ አጎት አቶ ገድሉ የይፋጉን ሚኒባስ ይዞ በየቀኑ ወደ ዘጠኝ ተኩል ዘንዘልማ ሲደርስ ያዘግማል። አንገቱን አውጥቶ ወደ ባጃጅ ተራው ያያል። አይወርድም፣ አይናገርም። ልጄ ዋስ ጠርቶ ከወጣ ጀምሮ ከግቢ ውጭ አልረገጠም።
7ኛ. አቶ ገድሉ ያለ እርስዎ ቃል እንደማይታረቅ ለመሪጌታ ተናግሯል።
8ኛ. የፍርድ ቤት ቀጠሮ ጥር 15 ነው። እስከዚያ እርቅ ካልወረደ ቴዎ እዚህ አገር ሊኖር አይችልም። የት እንደሚሄድ አላውቅም።

እንግዲህ ከላይ የዘረዘርሁትን አይተው ለእርቁ እሺ እንዲሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አካሉ


ይፋግ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017

አካሉ፣

ሰላምታ አልጽፍልህም። አንተ ግን ጽፈሃል። እኔ ማንበብ የተማርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣቴን እያስከተልሁ ነው የማነብ። "በጣም ደህና ነን" የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ። የልጄን አርባ ባወጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው የጻፍኸው፣ ቀኑን አይቻለሁ። ቤተሰብህ በሙሉ በጣም ደህና ነው። ደስ ይበልህ።

ዝርዝርህንም አየሁት። አንደኛው ጥፋቱ የልጄ ነው ይላል። ሁለተኛው የጠጠሩ ነው ይላል። ሦስተኛው ያንተ ልጅ ጨዋ ነው ይላል። ስምንት ድረስ ስትቆጥር አንድ ጊዜ እንኳ ነፍሱን ይማር አላልህም። ለማዳበሪያ አቤቱታ ወረዳ ስመላለስ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቻለሁ። ማኅተሙ ብቻ ነው የጎደለው።

አርባው ላይ ዘንዘልማ ከምትኖረው እህቴ ጋር የመጣች ሴት ነበረች። መንገድ ዳር ሸንኮራ የምትሸጥ ናት። ያን ለት እዚያው ነበርሁ አለች። ከለቅሶው ገለል አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። ያንተ ልጅ አንዱ እጁ መሪው ላይ አልነበረም አለች። ጆሮው ላይ ነበር አለች።

ይህ ከስምንቱ ውስጥ የለም።

እኔ ዝርዝር የለኝም። አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። እጁ የት ነበር?

የብርጓል


ዘንዘልማ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017

ለወይዘሮ የብርጓል፣

የኪዲን ነፍስ ይማር። እርስዎን ያጽናዎት። ይህን ነበር አስቀድሜ መጻፍ የነበረብኝ።

ደብዳቤ እንዲያ ተብሎ ይጀመራል ብለው ልጅ ሆነን አስተምረውን ነበር፤ እጄ ራሱ ጻፈው። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። የጻፍሁትን ሁሉ ቅጂ ስለማስቀር፣ መልስዎ ሲመጣ ባለቤቴ አደይ ቅጂውን አምጣ አለችኝ። ቆማ አነበበችው። "አንተ ሰውዬ፣ ይህ ልመና ነው ወይስ የዕቃ ርክክብ?" አለችኝ። ያን ቀን ራቴን ቴዎ ነው ያቀረበልኝ።

መሪጌታ ዘንድ ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን ብዬ ብጽፍ እሺ ይላሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሰው ሲያስታርቁ የሚያደርጉትን ነገሩኝ። የተጣላው ሰው መጀመሪያ የራሱን አይናገርም። የዚያኛውን ቃል ነው የሚናገር። ያኛው "አዎ፣ ቃሌ ነው" ካለ ተራው ይደርሰዋል። "አይደለም" ካለ አፉን ዘግቶ እንደገና ይሞክራል። አንዳንዱ ሦስት ቀን ይፈጅበታል አሉ። "አንተ ግን ዐሥራ ሁለተኛን የጨረስህ ሰው ነህ፣ አይከብድህም" ብለው ፈገግ አሉ። የከበደኝ መሆኑን ፊቴ ላይ አይተውታል መሰለኝ።

እንግዲህ ልሞክር። የእርስዎ ቃል ይህ ነው፦

"ተቆጥቻለሁ። ልጅህ በቸልተኝነት ልጄን ገደለው። ይህን ካላመንህ አልታረቅም።"

ይህ ነው ቃልዎ?

ስለ ጠየቁኝ ነገር፦ እኔ ቦታው ላይ አልነበርሁም። ሴትዮዋም ያየችው ከማዶ ሆና ነው፣ መኪና ይበዛል። ለፖሊስ በተሰጠው ቃል ላይ ስለ እጅ የተጻፈ ነገር የለም። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰኞ ለት አቶ ገድሉ ማዘገም ብቻ አይደለም፣ መኪናውን ጨርሶ አቆመው። ቴዎ በአጥራችን ቆርቆሮ ቀዳዳ ሲያይ ነበር። አደይ ልጁን ጎትታ ወደ ቤት አስገባችው። እኔ እስኪሄድ ደቂቃውን ቆጠርሁ፤ አራት ደቂቃ ነው። እባክዎ አንድ ቃል ይንገሩልን። በልጄ ላይ ሊያደርግ ያሰበው ካለ ልወቀው።

አካሉ


ይፋግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017

አካሉ፣

ነፍስ ይማር ያልኸውን ተቀብያለሁ።

ቃሌ ግን አይደለም። ተቆጥቻለሁ አላልሁም። ገደለው አላልሁም። አልታረቅም አላልሁም። ሦስቱንም ያመጣሃቸው አንተ ነህ። እኔ ያልሁት እጁ የት ነበር ነው። አንተ ጥያቄዬን ቁጣ አድርገህ ጻፍኸው። ቁጣ ከሆነማ ምን መልስ ያስፈልገዋል፤ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

ለምን እንደምጠይቅህ ልንገርህ። ኪዲ ሐኪም ቤት ሲደርስ ነፍሱ የለችም አሉ። እስከዚያ ግን ነበረች። እኔ የወለድሁት ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብሎ አይሄድም። ሩዝ ስናጭድ እንኳ አፉ አያርፍም። እኔ ጎንበስ ብዬ ስሠራ እሱ ከኋላዬ ስለ ኳስ፣ ስለ ሰው ላም፣ ስለ ማን ማንን አገባ ያወራል። መንደሩ ሬዲዮን ነው የሚለው። ዝም በል ስለው ባትሪዬ አላለቀም ይለኛል።

አንድ ነገር ብሏል። የሰማው ሰው አለ። ለቅሶ የመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሁሉም አልተሠቃየም ይለኛል። እኔ ስለ ሥቃዩ አልጠየቅሁም። ምን አለ ነው ያልሁት። ልጅህ አብሮት ነበር፤ ስልኩም ጆሮው ላይ ከነበረ በዚያ በኩል ሰው አለ። ያ ሰው ማን ነው? እሱስ ምን ሰማ?

ስለ ገድሉ አሁን የምነግርህ የለም። መጀመሪያ የጠየቅሁህን።

የብርጓል


ዘንዘልማ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017

ለወይዘሮ የብርጓል፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ዛሬ ቁጥር የለም። የእርስዎ ቃል ብቻ ነው፦

"ልጄ መንገዱን ሁሉ ዝም አላለም። የመጨረሻ ቃሉን የሰማ ሰው አለ፤ ያ ሰው ዝም ብሏል። የልጄ ቃል የእኔ ነው፣ ሌላ ሰው ዘንድ ሊቀመጥ አይገባም። እጁ የት ነበር ያልሁህ ልጅህን ለማስቀጣት አይደለም። ቃሉ ያለበትን ቤት ለማወቅ ነው።"

ይህ ቃልዎ ነው?

አካሉ


በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ ታኅሣሥ 12

ነው።

አሁን የራስህን ጻፍ።

የብርጓል


ዘንዘልማ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017

ለወይዘሮ የብርጓል፣

እንደምን ሰነበቱ ለማለት አፍሬ ነው የጀመርሁት።

"ነው" ያሉትን ካነበብሁ ጀምሮ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሥራ ቦታ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። ትላንት ቴዎ ከኮቴ ኪስ አገኘውና አነበበው። ጫማውን አደረገ። ከሁለት ወር ወዲህ ጫማ ሲያደርግ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። "አባዬ፣ ወይ አንተ ትጽፋለህ ወይ እኔ ይፋግ እሄዳለሁ" አለኝ። በሩ ላይ ቆምሁ። ለምን መሄድ እንደሌለበት እየቆጠርሁ አስረዳው ጀመር፤ አራት ደረስሁ። አዳመጠኝ። "አራቱም ስላንተ ነው" አለኝ።

ተቀመጥሁ። እጽፋለሁ አልሁት። ጫማውን አላወለቀም። ይህን ስጽፍም እንደተጫማ ከጎኔ ተቀምጧል።

እጁ ጆሮው ላይ ነበር። በስልኩ በዚያ በኩል የነበርሁት እኔ ነኝ።

እኔ ጭንቀታም ሰው ነኝ። ልጄ ካረፈደ እደውላለሁ፣ ካላነሣ ደግሜ እደውላለሁ። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ደወልሁ፣ አላነሣም። እየነዳ መሆኑን አውቅ ነበር። ሦስተኛ ደወልሁ። እስኪያነሣ እንደማልተወው ስለሚያውቅ አነሣው። የደወልሁትም ለቁም ነገር አይደለም። ሲመጣ ይዞት የሚመጣውን የቤት ዕቃ ላነብለት ነበር። አንድ፣ ዳቦ። ሁለት፣ ሳሙና። ሦስተኛው ላይ ነበርሁ።

ድምፁን ሰማሁት። እንዴት እንደነበረ አልጽፍልዎትም።

ስልኩ አልተዘጋም። ሰው ሲሮጥ፣ ቴዎ ሲጮህ ይሰማኛል። እኔ ቴዎ፣ ቴዎ እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። ልጅዎን አንሥተው ባጃጁ ውስጥ ሲያስገቡት ስልኩ ከወደቀበት አብሮ ገብቶ ኖሯል። ከዚያ ቅርብ ሆኖ አንድ ድምፅ መጣ። የማላውቀው ልጅ ድምፅ ነው። ሰው መንገድ ሲጠይቅ እንደሚለው፣ ረጋ ብሎ፣

"የይፋግ መኪና ሄደ እንዴ?" አለ።

ቴዎ "አልሄደም" አለው። "ይጠብቅሃል።"

"ጋሼ ገድሉ እንዳይሄድብኝ ንገረው" አለ።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አለው ቴዎ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ስልኩን አልዘጋሁትም።

መኪናው ግን ሄዶ ነበር። ቴዎ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሲያልፍ አይቶታል። "ሄዷል ልበለው እንዴ?" ይለኛል እስከ ዛሬ።

ለምን እንደደበቅሁም ልጻፍ። ቴዎ ለፖሊስ ቃሉን ሊሰጥ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ይዤው "ስልክ የሚባል ነገር እንዳታነሣ" ያልሁት እኔ ነኝ። ስልክ ከተባለ ቅጣቱ ይከብዳል ብዬ። አልፈልግም አለ። እናቱን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን እየጠራሁ ለመንሁት፤ እሺ አለ። በሕይወቴ ሰው ማሳመን የተሳካልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ለእርስዎ የጻፍኋቸው ስምንቱም ይህን አንዱን ለመሸፈን ነበር። "ሌላ የማውቀው የለኝም" ያልሁዎትም ውሸት ነው።

ይህ ወረቀት የእርስዎ ነው። ፍርድ ቤት ቢወስዱትም፣ ለአቶ ገድሉ ቢያነቡለትም አልቃወምም። ቅጂ አላስቀረሁም።

ዛሬ ስለ እርቅ አልጠየቅሁም። የጠየቁኝን መለስሁ።

አካሉ


ይፋግ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017

አካሉ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትህ? አደይስ? ያ ልጅስ፣ ጫማውን አወለቀ?

መሪጌታ ወረቀትህን ሰጥተውኝ አልሄዱም። ደጅ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ያዙ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፣ በጣቴ። እንግዲህ ሕጉ ለእኔም ሕግ ነውና ቃልህን ልናገረው፦

"ጨነቀኝና ደወልሁ። እየነዳ መሆኑን እያወቅሁ ደወልሁ። ልጄ ስልኩን ያነሣው ለእኔ ብሎ ነው። ከዚያ አፉን አስያዝሁት፤ ለእሱ ብዬ ነው አልሁ። ለራሴ ነበር።"

የመጨረሻዋን አልጻፍሃትም። ልጅህ "አራቱም ስላንተ ነው" ካለህ ላይ ነው ያገኘኋት። ቃልህ ነው?

አሁን የእኔን ስማ። ኪዲ ያን ለት እህቴ ዘንድ ዘንዘልማ ሊያድር ነበር። የውሃ ሞተሩን ለጥገና ይዞ ሄዶ፣ ነገ ነው የሚደርሰው አሉት። ይህን ሊነግረኝ ደወለ። እኔ ደግሞ ሩዙ ታጭዶ መሬት ላይ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። በዛሬው መኪና ካልመጣህ እናት አለችኝ አትበል አልሁት። እንዲያ ነው ያልሁት። ዝናቡም አልመጣ። አንድ ጠብታ አልጣለም።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ለመሪጌታም ቢሆን። ስለዚህ የጻፍኸው እውነት መሆኑን አወቅሁ። ልጅህን ለማዳን የፈጠርኸው ቢሆን ኖሮ ኪዲን "ማሩት" ታሰኘው ነበር። መኪናው ሄደ ወይ አታሰኘውም። እሱ የእኔን ቃል ይዞ ነው የሮጠ፣ ይዞት ነው የሄደ። አሁን ቃሉ ቤቱ ገብቷል። ከባድ ነው። ቢሆንም የእኔ ነው።

ስለ ገድሉ ጠይቀኸኝ ነበር። ያን ለት ኪዲ ይመጣል ብዬ ደውዬለት፣ ዘንዘልማ ላይ ዐሥር ደቂቃ ጠብቆታል። ተሳፋሪው ሲጮህበት ነው የሄደ። ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ሲደርስ እግሩ ራሱ ፍሬን ላይ ይሄዳል። ልጅህን አይደለም የሚፈልግ። ኪዲ እጁን ያነሣ እንደሆነ ብሎ ነው የሚያይ።

አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ጥር 15 ቴዎ ራሱ ስልኩን ለዳኛው ይናገር። ወረቀትህን እኔ አልወስድም፤ አንተም ዳግመኛ አፉን አትያዘው። የሚፈረድበት ይፈረድበት። እኔም እዚያው እመጣለሁ፣ ታርቄያለሁ ብዬ ከዳኛው ፊት እቆማለሁ። እውነቱን ካልተናገረ ግን አልቆምም።

ይህን እሺ ካልህ ከገብርኤል ማግሥት፣ እሑድ ኑ፤ አንተ፣ አደይና ቴዎ። መሪጌታ መካከል ይቀመጣሉ። ዝርዝር ይዘህ እንዳትመጣ። ኪዲ ያለውን ቴዎ በራሱ አፍ ይነግረኛል፣ አንተ ዝም ትላለህ።

ገድሉ ቅዳሜ ባሕር ዳር ያድርና እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ዘንዘልማ ይደርሳል። ኪዲ የላከለትን ቃል የነገርሁት ትላንት ነው። የመኪናውን ሞተር ከፍቶ ውሃ ሲጨምር ቆየ፣ ሞልቶ ሲፈስም ይጨምራል። መሪው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው በመስኮት የተናገረኝ።

"ቢያረፍዱም አልሄድም" አለ። "እጠብቃቸዋለሁ በያቸው።"

የብርጓል


ዘንዘልማ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017

እህቴ የብርጓል፣

አዎ፣ ቃሌ ነው። ያልጻፍኋትም።

ለዳኛው ይናገራል። እሺ ብያለሁ።

ቴዎ ጫማውን አላወለቀም።

አካሉ